ከቀለሙ በፊት ያለው ቀለም



ይህ ጽሑፍ በአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር ነው። በጆሮ ያመለጣችሁ በዓይን እንድታነቡት እዚህ ታትሟል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ልጆች ገጣጥመው ስለሚቀቧት የፕላስቲክ መኪና። «በዚህ አገር ስንት የሚያስጨንቅ ጉዳይ እያለ ስለ መጫወቻ ታወሩናላችሁ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በክፋር አቭራሃምና በአካባቢዋ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ስሠራ፣ በዚች ትንሽ መኪና ምክንያት የተነሣ ክርክር በተለያዩ ቤቶች ሰምቻለሁ። ልጁ ከሑግ ወይም ከጓደኛው ቤት በካርቶን የታሸገ ሞዴል ይዞ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያጥብ፣ ሲፍቅ፣ ሲቀባ፣ ደግሞ ፍቆ እንደገና ሲቀባ ይሰነብታል። አባት፣ «ተሠርቶ ያለቀ መኪና በርካሽ እየተሸጠ ያልተሠራውን በውድ መግዛት ምን ይባላል?» ይላል። እናት ደግሞ ቤቱን ስለ ሞላው የቀለም ሽታ ትጨነቃለች።

የእናት ጭንቀት ትክክል ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የአባትን ጥያቄ ግን ታሪክ ይመልሰዋል። ታሪኩ የሚጀምረው ከፋብሪካ ሳይሆን ከእኛው ጓዳ ነው።

ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ከገበያ ገዝታ በዚያው ቀን እንጀራ የምትጋግርበት ባለ ሙያ ሴት የለችም። አዲስ ምጣድ መጀመሪያ ይሟሻል። እሳት ላይ ተጥዶ ይግላል፤ የጎመን ዘር ወይም ሌላ ቅባት ያለው ፍሬ ይታሽበታል፤ ይወለወላል፤ እንደገና ይታሻል። ገጹ ጠቁሮ እስኪለሰልስ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል እንጂ አይለቅም። ጀበናውም ድስቱም እንዲሁ ሳይሟሽ ለሥራ አይውልም።

ቤት ሲሠራም ሥርዓቱ ይኸው ነው። በእንጨቱ ላይ መጀመሪያ በጭድ የተቦካ ወፍራም ጭቃ ይመረግበታል። ምርጊቱ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በደቀቀ ጭቃ ይለሰናል። ኖራው ወይም ነጭ አፈሩ የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በምርጊቱ ላይ በቀጥታ ኖራ የቀባ ሰው የልፋቱን ውጤት የሚያየው እስከ መጀመሪያው ዝናብ ድረስ ብቻ ነው።

የመኪና ቀለም ቀቢዎች «ፕራይመር» የሚሉት ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በዕብራይስጥ «ጼቫ የሶድ» ይባላል፤ የመሠረት ቀለም ማለት ነው። ከላይ የሚታየው ቀለም እንዲይዝ ከሥር የሚቀባ፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ማንም የማያየው ቀለም ነው። በአማርኛ ቢተረጎም «ማሟሻ» ቢባል የሚያስኬድ ይመስለኛል።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን የምትገኘውን ወለቃን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በዚያች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር። አፈሩን ፈጭተው፣ ነፍተው፣ አቡክተው ያለ ማሽከርከሪያ በእጃቸው ብቻ ቅርጽ ያወጡለታል። ዕቃው ጥቂት ሲጠነክር በለስላሳ ጠጠር ገጹን ያሹታል። መታሸቱ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ገጹንም ያወዛዋል። ወደ እሳት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ጎብኚዎች መምጣት ሲጀምሩ ከእንስራና ከጀበና ሌላ ትንንሽ ምስሎችን፣ አንበሳና ወፍን፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን እየሠሩ ሸጡ። እንግዲህ ትልቁን ነገር አሳንሶ በእጅ መሥራት ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሙያ ለምን አይወራም? የዚህም ምክንያት ታሪክ ነው። ቤተ እስራኤል ከነገሥታቱ ጋር ባደረጉት ጦርነት ተሸንፈው የርስት መብታቸውን እያጡ ሲሄዱ፣ ብዙዎቹ በእጅ ሙያ መተዳደር ግድ ሆነባቸው። ወንዱ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላም በከተማዋ ግንባታ በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለዋል። ነገር ግን ሙያው ዳቦ እንጂ ክብር አላመጣም። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይገዛል፤ ማታ ግን «ቡዳ ነው» ብሎ ይሸሸዋል። «ጠይብ» የሚለው ቃል የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ።

ብዙ ቤተሰቦች በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮም በጹር እስራኤል ዘመቻ ሲመጡ ይህ ቁስል አብሯቸው መጥቷል። ስለዚህ ወላጅ የእጅ ሙያውን ለልጁ አይነግርም። ልጁም እናቱ በኡልፓን ፊደል ለመቁጠር ስትቸገር እንጂ ከአፈር ዕቃ ስታወጣ አያያትም። በዚህ አገር የተወለደ ወይም በሕፃንነቱ የመጣ ልጅ «ወላጆቼ ምንም አያውቁም» ብሎ ወደ ማሰብ የሚደርሰው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለው ዝምታ ነው። ይህን አስቡበትና ወደ መኪናው እንለፍ።

መኪና በብሩሽ በሚቀባበት ዘመን

ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በ1907 ገደማ ነበር። ይዞት የመጣው ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የነበሩት መኪናዎች ሁሉ የሚቀቡት እንደ ፈረስ ጋሪ ነበር። ሠራተኛው መሠረቱን በብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ቀናት ይጠብቃል፤ በድንጋይ ዱቄትና በውሃ ይፍቀዋል፤ እንደገና ይቀባል። እንዲህ እየተደራረበ የአንድ መኪና ቀለም ሳምንታት ይፈጅ ነበር።

በ1908 ሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለችውን መኪና አወጣ። በ1913 ደግሞ መኪናው ራሱ በሠራተኞቹ ፊት እየተንቀሳቀሰ የሚገጣጠምበትን ዘዴ በፋብሪካው ጀመረ። በዚህን ጊዜ መኪና መገጣጠሙ ፈጠነ፤ ቀለም ማድረቁ ግን እንደ ዘገየ ቀረ። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ፎርድ ይህችን መኪና በጥቁር ቀለም ብቻ የሸጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በምድጃ ሙቀት የሚደርቀው ጥቁር ቀለም ርካሽና ጠንካራ ስለነበረ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስቶች ነው። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ «ዱኮ» የሚል ስም የሰጠውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ሠራ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1923 ጀምሮ ኦክላንድ በተባለችው መኪናው ላይ በሰማያዊ ቀለም ለገበያ አወጣው። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ ጥቂት ቀናት፣ ኋላም ወደ ሰዓታት ወረደ። ቀለሙ በብሩሽ ለመቀባት ስለማይመች በአየር ግፊት ይረጭ ነበር። የመርጫው አመጣጥ ራሱ ያስገርማል። አሜሪካዊው ሐኪም አለን ዴቪልቢስ የሕመምተኞቹን ጉሮሮ በመድኃኒት ለመርጨት የሠራውን መሣሪያ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ልጁ ቶማስ ለቀለም እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቀለሙ ሲፈጥን መሠረቱን መቀባት አልቀረም፤ እንዲያውም ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ፈጣኑ ቀለም ስስ ነው። በሥሩ ያለውን ጭረት፣ ጉድጓድና ቅባት ሁሉ አውጥቶ ያሳያል። የድሮው ወፍራም ቅብ ብዙ ጥፋት ይሸፍን ነበር፤ አዲሱ ግን አይሸፍንም።

በኢትዮጵያ ጋራዦች የሠራችሁ አባቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ከ1936 እስከ 1941 ድረስ ጣሊያኖች አገሪቱን ሲይዙ መንገድና ጋራዥ ብቻ ሳይሆን የሙያውን ቋንቋም ትተው ሄደዋል። የመኪና አካል የሚያቃናው «ባትላሜራ»፣ ጎድጓዳው የሚሞላበት «ስቱኮ»፣ ዝገት የሚከላከለው መሠረት «አንቲሩጂኔ» ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። «ብርጭቆ ወረቀት» የምንለው መፋቂያም በጣሊያንኛ ስሙ የብርጭቆ ወረቀት ነው። የሚገርመው ዕብራይስጡም «ኒያር ዝኹኺት» ይለዋል፤ ትርጉሙ ያው የብርጭቆ ወረቀት ነው። በፔታሕ ቲክቫ የሕንፃ ዕቃ መደብር ገብታችሁ ይህን ቃል ብትሉ ሻጩ ወዲያውኑ ይረዳችኋል።

መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ወጣች

አሁን ወደ ትንሿ መኪና እንምጣ። ሞዴሎቹ የሚሠሩበት ፕላስቲክ ፖሊስቲሪን ይባላል። በፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። በሙቀት ሲቀልጥ እንደ ማር ይፈስሳል፤ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተገፍቶ ሲገባ የመኪናን በር መስመርና የመብራቷን ጥርስ ሳይቀር ይቀርጻል።

ይህን ሥራ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ እንደ እናንተው ስደተኛ ነበር። ኒኮላስ ኮቭ በሃንጋሪ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ሳይቤሪያ ደርሶ አምልጧል። በስፔንና በጣሊያን ኖሮ፣ አውሮፓ በአይሁድ ላይ ስትጨልም በ1938 ወደ እንግሊዝ ገባ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1939፣ በለንደን ኤርፊክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ የሠራው በአየር የሚነፉ የጎማ መጫወቻዎችን ሲሆን ኋላ ማበጠሪያም አምርቷል። በ1949 የፈርጉሰን ትራክተር ፋብሪካ ሻጮቹ ለገበሬ የሚያሳዩት ትንሽ ትራክተር እንዲሠራለት ጠየቀው። ያችን ትራክተር ፈታትቶ በቁርጥራጭ መሸጥ ይረክሳል ሲባል፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማት መጫወቻ ሆነች። በ1952 ደግሞ የአንድ ጥንታዊ መርከብ ሞዴል ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ድርጅቱ በዓለም ታወቀ።

እንግዲህ ለአባት ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ያልተገጣጠመው ሞዴል መጀመሪያ የተሸጠው ርካሽ ስለሆነ ነበር፤ ገዢዎች የወደዱት ግን ሥራውን ራሳቸው ስለ ሠሩት ነው።

በአሜሪካ ሬቬል የተባለው ድርጅት በ1951 የጥንት መኪናዎችን ሞዴል አወጣ። ኤ ኤም ቲ የተባለው ደግሞ በ1958 ገጣጣሚው አንዷን መኪና በሦስት ዓይነት መንገድ ሊሠራት የሚችልበትን ካርቶን ለገበያ አቀረበ። በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ በ1946 እንጨት በመሰንጠቅ ሥራ የጀመረው ታሚያ፣ ከእንጨት ሞዴል ወደ ፕላስቲክ የተሻገረው በ1960 ገደማ ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ልጆች በሚገዟቸው ካርቶኖች ላይ የእነዚህን ድርጅቶች ስም ታያላችሁ።

ፕላስቲኩ ግን አዲስ ችግር አመጣ። ብረት የሚቀባበት ቀለም የሚቀጥነው በቲነር ነው፤ ቲነር ደግሞ ፖሊስቲሪንን ይበላዋል። የመኪና ቀለም በቀጥታ የተረጨባት ሞዴል ገጿ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ለፕላስቲክ የሚሆን ማሟሻ ተሠራ። ለብረት ማሟሻው ዝገትን ይከላከላል፤ ለፕላስቲክ ግን ከራሱ ከቀለሙ ይጠብቀዋል። በጣሳ ታሽጎ በጣት ተጭነው የሚረጩት ቀለምም የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሲሞር በ1949 የሠራው የራዲያተር ቀለሙን ለማሳየት ሲሆን፣ ሐሳቡን ያቀረበችለት ባለቤቱ ቦኒ ነበረች።

የሃይፋዋ መኪና

የፕላስቲክ መኪና ነገር በዚህ አገር መጫወቻ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ይጽሐቅ ሹቢንስኪ የተባለ ሰው በሃይፋ አውቶካርስ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁሞ፣ ሪላየንት ከተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በመተባበር የእስራኤልን መኪና መሥራት ጀመረ። ከመኪናዎቹ ዋነኛዋ ሱሲታ ትባላለች፤ ስሟ ከኪኔሬት ሐይቅ በላይ ካለችው ጥንታዊት ከተማ ጋር አንድ ነው። «ሳብራ» የተባለችው የስፖርት መኪና በ1961 በኒው ዮርክ ለትርኢት ቀርባ ነበር። ቀጥሎም «ካርሜል» የተባለችው መጣች።

የእነዚህ መኪናዎች አካል ከቆርቆሮ አልነበረም። ከመስታወት ክርና ከፈሳሽ ሙጫ የተሠራ ፋይበርግላስ ነበር። ወጣቷ አገር ቆርቆሮ የሚያጣጥፍ ግዙፍ መጫኛ ለመግዛት አቅም አልነበራትም፤ ፋይበርግላስ ግን በሰው እጅ በቅርጽ ላይ ተነባብሮ ይሠራል። ሱሲታን ግመል በልቷታል የሚለው ቀልድ በአገሪቱ እስከ ዛሬ ይወራል። ተረት ቢሆንም ጎረቤታችሁን ብትጠይቁ ይስቅና የራሱን ይጨምርላችኋል። ፋብሪካው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከስሮ፣ ሥራው በሌሎች እጅ እየተቀባበለ ቆይቶ በ1980 ገደማ አከተመ።

ፋይበርግላስ ከቅርጹ እንዳይጣበቅ ቅርጹ አስቀድሞ ሰም ይቀባል። ሰሙ ከመኪናው ገጽ ላይ በደንብ ካልተጠረገ ቀለሙ አይይዝም። በልጃችሁ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሞዴልም ከብረት ቅርጿ ስትወጣ ቅባት ይዛ ትመጣለች። ትልቋም ትንሿም መኪና የምትጠይቀው የመጀመሪያ ሥራ አንድ ነው፤ መታጠብ።

ሥራው በተራ

እንግዲህ ልጃችሁ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እንድትከታተሉት ተራውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የመኪናዋ አካል ለብ ባለ ውሃና በሳህን ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ በራሱ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በባዶ ጣት መነካት የለበትም፤ የጣት ወዝ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ የቅርጹ መጋጠሚያ በፕላስቲኩ ላይ የተወው ስስ መስመር በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። በወረቀቱ ጀርባ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ለዚህ ከ400 እስከ 600 ያለው በውሃ እየተነከረ ቢሠራበት ይበቃል። ጉድጓድ ካለ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ደርቆ ይፋቃል።

ሦስተኛ፣ ማሟሻው ነው። አካሉ በታጠፈ ሽቦ ወይም በጠርሙስ አናት ላይ ይሰካል። ጣሳው አንድ ሁለት ደቂቃ ይናጣል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተይዞ፣ መርጨቱ ከመኪናዋ ውጭ ይጀምርና በላይዋ አልፎ ከመኪናዋ ውጭ ያበቃል። በላይዋ ላይ ከተጀመረ ወይም ከቆመ ቀለሙ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጭጋግ ስስ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ገና ቢታይም አያሳስብ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እየቆየ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የማሟሻው ቀለም እንደ ላይኛው ይመረጣል። ቀይና ቢጫ ከሥራቸው ነጭ ይፈልጋሉ፤ በግራጫ ላይ ይደበዝዛሉ። ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴና ለጠቆረ ቀለም ግራጫ ይስማማል።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይደርና ይታያል። ማሟሻው ሁሉን አንድ ዓይነት ስለሚያደርገው ቀድሞ ያልታየው ጭረት አሁን ይወጣል። ልጁ «ተበላሸ» ብሎ ሊያዝን ይችላል። አልተበላሸም፤ ማሟሻው ሥራውን መሥራቱ ነው። 1000 ቁጥር ባለው ወረቀት በውሃ ቀስ ብሎ ይለሰልስና ካስፈለገ እንደገና ይረጫል።

አምስተኛ፣ የሚታየው ቀለም በዚያው ሥርዓት፣ መጀመሪያ ስስ ከዚያ ወፈር እየተደረገ ይረጫል። አቧራ እንዳይቀመጥባት በካርቶን ትከደን። ሐምሲን በሚነፍስበት ቀን አይረጭ፤ አሸዋው በእርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል። ዝናባማና እርጥብ በሆነ ቀንም አንዳንዱ ቀለም ጭጋግ የገባበት መስሎ ይነጣል። መድረቁን ለማወቅ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ቀላል ዘዴ አላቸው። መኪናዋን ያሸቷታል፤ ገና የቀለም ሽታ ካላት ገና አልደረቀችም።

ስድስተኛ፣ የቀለም ዓይነት አይደባለቅ። «ኢናሜል» የሚባለው በዝግታ የሚደርቅ ቀለም በ«ላከር» ላይ ይቀባል፤ ላከር ግን በኢናሜል ላይ ከተረጨ የታችኛውን ያሸበሽበዋል። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ልጁ ያንብብላችሁ።

የእናት ጭንቀት

አሁን ወደ ሽታው እንመለስ። የሚረጭ ቀለም በቤት ውስጥ፣ ይልቁንም ሕፃን ባለበት ክፍል አይረጭም። ጋዙ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ምድጃ፣ ሲጋራ ወይም ሻማ ባለበት አጠገብ አደገኛ ነው። ሥራው በውጭ፣ ንፋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ ጎረቤት በማይጎዳበት መንገድ፣ በትልቅ ካርቶን ውስጥ ይሠራ። የአፍ መሸፈኛ ይደረግ፤ ለሽታው የሚሆነው ማጣሪያ ያለው ነው እንጂ ተራው የጨርቅ መሸፈኛ አይደለም። ጣሳው ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወይም በመኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ ባዶ ቢሆንም አይበሳ፣ እሳት ውስጥም አይጣል። በጣሳው ላይ የነበልባል ሥዕል ያለበት ምልክት ካያችሁ፣ ዕብራይስጥ ባታነቡም ትርጉሙን ሥዕሉ ይነግራችኋል። ለትንንሽ ልጆች በውሃ የሚቀጥነውና በብሩሽ የሚቀባው አክሪሊክ ይሻላል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቲነርንና ማስቲሽን ለስካር የሚያሸቱ ወጣቶች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ይህ በየትኛውም አገር ሊደርስ የሚችል ጉዳት ነው፤ አንዴ ብቻ እንኳ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ቀለሙና ቲነሩ የት እንደሚቀመጥ ወላጅ ይወቅ፤ ስንት ጣሳ እንደተገዛም ይወቅ። ይህን ማወቅ ልጅን መጠራጠር አይደለም፤ የቤቱ አስተዳደር ነው።

ለአባት ሁለተኛው መልስ

አንዲት ሸክላ ሠሪ የነበሩ እናት የልጅ ልጃቸው ሞዴሉን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ አይተው፣ «ይኸ በጠጠር ማሸት አይደለም ወይ?» አሉኝ። ልጁ አማርኛው ደካማ ስለነበረ ተረጎምኩለት። ገረመው። አያቱ ከመተኮሱ በፊት ለምን እንደሚታሽ፣ ሳይደርቅ እሳት የገባ ዕቃ እንዴት እንደሚፈነዳ ነገሩት። እሱም ሳይደርቅ ቀለም የተደረበበት እንዴት እንደሚሸበሸብ አሳያቸው። ሁለቱ ያለ እኔ ብዙም ባይግባቡ፣ በእጃቸው ግን ተግባቡ።

ልጃችሁ ሞዴል ስለ ቀባ መሐንዲስ ይሆናል አልልም። ምናልባት ከዓመት በኋላ ይተወዋል። በፔታሕ ቲክቫ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ግን «ፓሐሑት ቬጼቫ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ጋራዦች ታያላችሁ፤ የቆርቆሮና የቀለም ሥራ ማለት ነው። በዚያ የሚሠራ ሰው ባለ ሙያ ተብሎ ይከበራል እንጂ ማንም በዓይኑ አይሸሸውም። ልጁ ወደዚያ ቢሄድም ባይሄድም፣ በቤቱ ያለው የእጅ ሙያ ክብር ያለው መሆኑን ከእናንተ አፍ መስማት ይገባዋል። ከሌላ ሰው ሊሰማው አይችልም፤ የሚያውቁት እናንተ ናችሁና።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያቺ መኪና ስትቀመጥ «ይህ ለምን ይሆናል?» ብላችሁ አትለፉ። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ልጁ ሥራውን እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ በዕብራይስጥ ያስረዳ፣ በአማርኛ መልሱለት። ከዚያም አዲስ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ ንገሩት። እናንተ ወይም ወላጆቻችሁ ብረት ቀጥቅጣችሁ፣ ሸማ ሠርታችሁ፣ ሸክላ ተኩሳችሁ ከሆነ ያንንም ሳትደብቁ ንገሩት።